ደም የምትመጥ ጨርቅ

ወንድሜ፣ እንዴት ከርማችኋል? ዛሬ እግር ጥሎኝ አንድ የፈጠራ ሥራዎች ኤግዚቢሽን ገባሁልህ። አንዲት ሴት መዳፍ የምታክል ጨርቅ ይዛ አንድ ብርጭቆ ቀይ ውሃ ብታፈስባት፣ ጨርቋ ጠብ ሳታደርግ ምጥጥ! «የቆሰለ ሰው ደም ታቆማለች፤ ፓተንት ወጥቶላታል» አለችን። ከምን እንደተሠራች ብጠይቃት «ከፈትል ፋብሪካ ውዳቂ ጥጥ» አትለኝም! እኛ የፋብሪካው ሠራተኞች ከማሽኑ ሥር ጠርገን የምናቃጥለው እኮ ነው። ሰዉ አጨበጨበ። እኔን ግን ታናሽ ወንድምህ እዚያው ፋብሪካ ክንዱን ማሽን ቆርጦት የሞተ ዕለት ነው የታየኝ፤ ሸሚዜን አውልቄ ብጫነውም ደሙ በጣቶቼ መሃል ይወርድ ነበር።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፣ የእማማንም ጉልበት። «ያን ደም የሚያቆም ነገር ሰው አልፈጠረም» እያሉ ነው የሚጽናኑት፤ አደራህን፣ ካርዱን አታንብብላቸው። ከፊቱ ያለውን ሥዕል ብቻ አሳያቸው።