ድንች የላጠው ጓንት

እድላዊት፣
ይጁቤ ሄጃለሁ፤ መሪጌታ ገዳሙ ዘንድ። ምስር ወጡን አሙቀሽ ብይ። ጓንቱን ግን እንዳትነኪው።

ጣቶቹ ላይ የተሰፉት ሴንሰሮች ጣት ስንት ጊዜ እንደታጠፈ፣ ምን ያህል እንደጨበጠ ይመዘግባሉ። ስትሮክ የመታው እጅ መሻሻሉን የምናውቀው በዚያ ነው። አንቺ ደግሞ መሪጌታ የእጅ ልምምድ ሠርተውበት በመለሱት ማግስት ብርድ ነው ብለሽ አጥልቀሽ ሁለት ኪሎ ድንች ላጥሽበት።

እኔም የእሳቸው ምዝገባ መስሎኝ "እጅዎ ድኗል" ብዬ ደወልኩላቸው። ልምምዱን ተዉት። ትናንት ልጃቸው ደውላ ማንኪያ እንኳ አይጨብጡም አለችኝ። እሳቸውን አቅርቢልኝ ብላት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"ልጄ፣ መሣሪያው ድኗል ካለ ድኗል። እጄ ለእኔ አልታዘዝ ያለው በትዕቢት ነው።"

አሁን ሄጄ "የዳነው የእድላዊት እጅ ነው" ልበላቸው? ልምምዱን ቶሎ ካልጀመሩ ጣቶቻቸው እንደታጠፉ ይቀራሉ።

የምዝገባውን ቀን ሳላመሳክር የደወልኩት እኔ ነኝ። ትናንት አንቺ ላይ የጮህኩት ግን…

ለማንኛውም ድንቹ ጥሩ ነበር።

ከሰዓት ቤት ጠብቂኝ። ለማነጻጸሪያ የሚሆን ጤነኛ እጅ ፍለጋ ሁለት ወር ዞሬያለሁ። ቀኝሽ ተመዝግቧል፤ የቀረኝ ግራሽ ነው።

የኔዓለም