ጎሬ ያደረስኩት መርዶ

ታዴዬ፣ የቤቴ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። ደህና ነኝ ብልህ እንደማታምነኝ አውቃለሁ፤ ግን በእግሬ ቆሜያለሁ። የስልክ ጥገና ቤትህን ለሰው አላከራየሁትም፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኔን ወደዚያ አዛወርኩትና ከመናኸሪያው ፊት ለፊት መሆኑ በጀኝ። መነጽርህና ትንንሾቹ መፍቻዎችህ መሳቢያው ውስጥ እንዳሉ ናቸው። ክረምቱ የጓሮውን አጥር ጥሎት ነበር፤ አሠራሁት። ልጃችን ሄለን ትምህርቷን ጅማ ጀምራለች። ትደውላለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔ እቆጣታለሁ፤ ከዚያ ስልኩን ሳንዘጋ ሁለታችንም እናለቅሳለን።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ስለ ስልክህ ጨዋታ ልነግርህ ነው። አትሳቅብኝ። አንተ እኔን ከተጫዋች አትቆጥረኝም ነበር፤ የምትገቢው ሣሩንና ቤቶቹን ለማየት ነው ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው። እጅህ ብየዳ ላይ ሲሆን ስልክህን ታቀብለኝና እኔ አንተን ሆኜ እሮጣለሁ። አራት ሰው አንድ ቡድን ሆኖ ከአውሮፕላን ይዘላል፣ ጠመንጃ ይፈልጋል፣ እስከ መጨረሻ ያልሞተ ያሸንፋል። እኔ ብዙ ጊዜ ጠመንጃውን ሳላገኝ እሞት ነበር። ግን ሣር እያየሁም ቢሆን ሰው አውቄያለሁ፤ ስለዚህ ሐሳቤን ከመናገር የሚከለክለኝ የለም።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ስለ ተሳዳቢዎቹ ነው። አንተ በሰው እናት የሚሳደበውን ሁሉ ልጅ ነው እያልክ ታልፈው ነበር። እኔ አላልፈውም። ያ ሰው መቱ ገበያ መሀል ቆሞ እንዲያ አይልም፤ ነገ እናቱ ከተሰደበችው ሴትዮ ጎን ቤተ ክርስቲያን ትቆማለቻ። እዚያ ግን ማንም የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም፣ ስለዚህ አፉን ይከፍታል። ሁለተኛው ስለ ደረጃ ነው። ደረጃዬ ወረደብኝ ብሎ ጓደኛውን የሚያባርር ሰው ጨዋታ አልተጫወተም፣ ሥራ ተቀጥሯል። ሦስተኛው ትልቁ ነው። እነዚህ ሰዎች ማኅበረሰብ ነን ይላሉ። እኔ ማኅበረሰብ የምለው አንድ ሰው ሲጠፋ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ብቻ ነው፤ ሌላው የአውቶቡስ ተሳፋሪ ነው።

ያንተዎቹ ግን ጠየቁ፣ ታዴ።

አርባህን ካወጣን በኋላ ስልክህን ከፈትኩት። ገመቹና ከድር በየቀኑ ጽፈዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱ ከጎሬ፣ አንዱ ከቡሬ አብረውህ ሲጫወቱ፣ አንድ ቀን እንገናኛለን እያላችሁ ሳትገናኙ ቀራችሁ። በሚኒባስ የሚደረስበት ሰው ነገ ይደረስበታል ተብሎ ነው የሚተወው። ሶር ከሚለው የጨዋታ ስምህ ሌላ አያውቁህም፤ ታደሰ ሞተ ቢባሉ እንኳ ማን እንደሆነ አይለዩም ነበር። ገመቹ የት ጠፋህ ብሏል። ከድር ያስቀየምንህ ነገር ካለ ይቅር በለን ብሏል።

ምን ልጻፍላቸው? መርዶ በስልክ ጽሑፍ ይነገራል? ሰው ጎህ ሲቀድ በሽማግሌ ነው የሚረዳው፤ አጠገቡ የሚይዘው ሰው ኖሮ፣ የሚቀመጥበት ወንበር ቀርቦለት። እኔ ያንን አውቃለሁ፤ ያወቅሁትም አሳሳተኝ። መልስ መጻፉ ሲያቅተኝ ጨዋታው ላይ ዝግጁ ነኝ የሚለውን ነካሁትና ገባሁ።

እንዲህ እያልኩ ሦስት ወር አንተን ሆኜ ተጫወትኩ። ድምፄን ዘግቼ እከተላቸዋለሁ። ገመቹ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ «ኮቱ! ዳፊ!»፣ ና ፍጠን እያለ ያጣድፈኛል፤ እኔ ደግሞ ግንብ ላይ እጋጫለሁ። ይስቅብኛል፦ «ሶር፣ እጅህን ምን ነካው? ሰነፍ ሆንክ እኮ!» ታዴ፣ ሲሰድቡህ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ አንተን የሚሰድብህ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ነፍስ ይማር ብቻ ነው የሚለው።

ለምን አትናገርም ብለው ሲያስጨንቁኝ ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ጻፍኩ። በዚያች ውሸት ሁሉም ነገር ተለወጠ። መሳደቡ ቀረ። ቀስ ብለው መሄድ ጀመሩ፣ ያገኙትን መድኃኒት ሁሉ ለኔ ይጥሉልኛል፣ ከፊቴ ቆመው ይመቱልኛል። አንድ ዓርብ ከድር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ወንድሜ ሶር፣ ዛሬ ጁምዓ ላይ ዱዓ አስደርጌልሃለሁ። አላህ ያሽርህ።»

ስልኩን አስቀመጥኩት። ከተቀበረ ወራት ላለፈው ሰው ሽረት እያስለመንኩ ነበር። ያን ቀን ራሴን ጠላሁ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ለገመቹ ቤትህ የት ሰፈር ነው ብዬ ጻፍኩለት። መንገዱን ሁሉ ዘረዘረልኝና መቼ ነው የምትመጣው አለ። ቅዳሜ አልኩ። ምን እንዳልኩ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ጎረቤታችንን ጋሽ ንጉሤን ለመንኳቸው። የዕድራችንን መርዶ ሁሉ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ሐዘንተኛ ራሷ መርዶ ይዛ እንደማትሄድ ነገሩኝ፤ ብቻዎን ቢሄዱ ሶር ማን እንደሆነ ማስረዳት አይችሉም አልኳቸው። ዘመድነቱ በምን በኩል ነው ሲሉኝ በጨዋታ አልኩና የከድርን ዱዓ ሳይቀር ነገርኳቸው። «የምንሄደው ዱዓ ያስደረገው ልጅ ዘንድ ነው ወይስ ሌላው?» አሉ። ሌላው ነው አልኩ። «ግድ የለም፣ ለሁለቱም እንሄዳለን» ብለው ጋቢያቸውን አነሱ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎሬ ደረስን። ገመቹን ወጠምሻ ጎረምሳ አድርጌ ነበር የማስበው፤ በሩን የከፈተልን ፀጉሩ የሸበተ፣ ሹራብ የለበሰ የቢሮ ሰው ነው። ከኋላው ጓሮው ውስጥ ቀይ አውራ ዶሮ ታስሯል። ላንተ ነበር፣ ታዴ። ሶር ቅዳሜ ይመጣል ብሎ የገዛው።

ጋቢ የለበሰ ሽማግሌና ጥቁር የለበሰች ሴት በማለዳ ደጁ ላይ ሲያይ መርዶ መሆኑ ገባው። ሚስቱ የሞቱት አባቴ ናቸው ብላ ጮኸች። ጋሽ ንጉሤ አረጋጓትና፣ ወንድማችሁ ሶር ካረፈ ወራት ሆኖታል አሉ። ገመቹ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ማን እንደሆንኩና ሦስት ወር ምን እንዳደረግኩ ሁሉንም ነገርኩት። አላየኝም። ግድግዳውን እያየ «ሞቶ እያለ ሰነፍ ብዬ ሰደብኩት፤ አፈሩን እንኳ ሳልመልስለት ስስቅበት ከረምኩ» አለ። ከዚያ ፊቱን በሹራቡ ሸፍኖ አለቀሰ። ይቅርታ አልኩት።

ከድር በስልክ እንዳይሰማ ብሎ የተነሳው ግን ገመቹ ራሱ ነው። ዶሮውን እንደታሰረ ትተን ሦስታችንም ወደ ቡሬ ወጣን። ከድር ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ሰማን፤ ከዚያ ሱቁን ዘጋ። በማግሥቱ እሑድ ሁለቱም መቃብርህ ላይ ነበሩ። ገመቹ «ሶር! ሶር ኮ!»፣ የኔ ሶር እያለ ሲያለቅስ ሰፈሩ ግራ ገባው። የመቱ ሰው ሶር ሲባል የሚያውቀው ወንዙን ነውና፣ አንዷ ጎረቤታችን ሰውየው ወንድሙን ወንዝ ወስዶበት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ሁሉ እንባ መሀል ሳቄ አመለጠኝ። አንተም ትስቅ ነበር።

ገመቹ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል አላናገረኝም። ጥፋቴ ነው፣ ተቀብዬዋለሁ፤ በጊዜው የማልቀስ መብቱን ነፍጌዋለሁ። የመርዶውን ወግ አከበርኩ ብዬ መርዶውን ራሱን ደበቅሁበት። አሁንም ግን አንድ ነገር አልተውም፦ በስልክ ጽፌ ብልክላቸው ኖሮ ብቻቸውን ነበር የሚያነቡት።

ባለፈው ሳምንት ግን ገመቹ ራሱ ደወለ። «እትዬ፣ ከድርና እኔ ልንገባ ነው፤ ይምጡ» አለኝ። በራሴ ስም፣ በራሴ ስልክ ገባሁ። አሁን ድምፄን ይሰማሉ። «ዳፊ» ሲለኝ እኔም አቤት የምልበት አፍ አለኝ።

ያንተን ስም ግን ከእንግዲህ አልከፍተውም። እንዳረፍክ ይረፍ። ሙት ዓመትህን ሦስታችን እናወጣለን፤ ከድር ከቡሬ፣ ገመቹ ከጎሬ ይመጣሉ። ጨዋታውን ስንጀምር ጌሙ አራተኛ ሰው ልጨምርላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ገመቹ ሳያማክረን አይሆንም የሚለውን ይነካዋል። አራት አራት ከሆኑት ቡድኖች ጋር ሦስት ሆነን እንገባለን፣ ታዴዬ። ሁልጊዜ እንሸነፋለን፤ አንድም ቀን ግን ሰው እናስገባ ያለ የለም።

ሚስትህ