የአቶ ግዛው ነቀዞችና የባለቤታቸው ቅናት

አቶ ግዛው ከአባታቸው ከአቶ መክብብ ወልደየስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሽታዬ ደምሴ በ1951 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው በእህል መጋዘን የተባይ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 በዲቪ ሎስ አንጀለስ ገብተው፣ ጥቂት ጊዜ ፓርኪንግ ከሠሩ በኋላ ፓሳዴና በሚገኝ ላብራቶሪ ነፍሳት እንዲንከባከቡ ተቀጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከወ/ሮ ውብነሽ ሀይሉ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ገሊላን አፍርተዋል።

ጥናታቸው ማግኔት የነቀዝን እድገት እንዴት እንደሚለውጥ ነበር። ማግኔት አጠገብ ያደጉ ትሎች ዘግይተው ነቀዝ እንደሚሆኑ መጀመሪያ ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። ለማነጻጸሪያ ማግኔት የማይደርስባቸው ብልቃጦች ስላስፈለጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አስፈቅደው ዌስት አዳምስ ወዳለው ቤታቸው አመጧቸው። የፍሪጁን ማግኔት ሳይቀር ነቃቅለው ጣሉ። የሚስታቸውን ቀሚሶች ከቁምሳጥኑ አውጥተው ነቀዞቹን አስገቡ።

ወ/ሮ ውብነሽ ቀኑ፤ መቅናታቸውንም አይደብቁም። ባላቸው የልጃቸውን ልደት እየረሱ ነቀዝ የሚፈለፈልበትን ሰዓት ያውቃሉ። ይባስ ብሎ በየብልቃጡ ላይ ከስማቸው ጎን የሴት ባልደረባቸው የዶክተር ፍናን ስም ተለጥፏል። «ሶ፣ እኔስ የት ልለጠፍ?» ቢሏቸው፣ ቴርሞሜትሩን እያዩ «ኦኬ፣ ውቤ» ብለው አለፉ።

በማግስቱ ወ/ሮ ውብነሽ ፌርፋክስ ከሚሠሩበት ምግብ ቤት፣ ከተበላሸ ትልቅ ስፒከር ማግኔቱን አስወልቀው ከብልቃጦቹ ሥር ሸጎጡት። የቁምሳጥኑም ትሎች ዘገዩ፤ ልዩነቱ ጠፋ፤ የሁለት ዓመት ጥናት ተጣለ። አቶ ግዛው በአያያዝ ጉድለት ከምርምሩ ተነስተው ጡረታ እስኪወጡ የላብራቶሪ ዕቃ አጠቡ። ወ/ሮ ውብነሽ ትንፍሽ አላሉም፤ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው፣ ኋላ ፈርተው።

አቶ ግዛው ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው አረፉ። ለቅሶ የደረሱት ዶክተር ፍናን ለወ/ሮ ውብነሽ እንደነገሯቸው፣ አቶ ግዛው ማግኔቱን ያኔውኑ አግኝተው ነበር። ማን እንዳስቀመጠው ሲጠየቁም «እኔ ነኝ፣ ረስቼው ነው» ብለው ፈርመዋል።

ይህ በአስከሬናቸው ፊት እንዲነበብ ያዘዙት ወ/ሮ ውብነሽ ናቸው። ጥፋቱ የራሳቸው የወ/ሮ ውብነሽ ነው። ምስጢሩን ከእሳቸው በፊት ዶክተር ፍናን ማወቃቸው ግን ዛሬም ያንገበግባቸዋል።

አቶ ግዛው የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለባለቤታቸውም እሳቸው ሳይናገሩ የሰጧቸውን ይቅርታ የሚቀበል ልብ ይስጥልን።