ካስማው የት ይመታ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን

ዛሬ የመንገዳችን ጉዳይ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሣ። በተሰነጣጠቀው አሮጌ አስፋልት ላይ ኮንክሪት እናልብስ ስል ከርሜያለሁ። ጉድጓዱን በየዓመቱ በገረጋንቲ መሙላት ለሚቀጥለው ዝናብ ቀለብ ማዘጋጀት ነው። አስፋልቱን ጠርጎ ማጠብን፣ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር በእርጥብ ጆንያ መሸፈንን፣ ባጃጅ አለማስገባትን በሥዕል አስረዳሁ።

ከዚያ ጎረቤቴ ወይዘሮ ጫልቱ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ታዲያ ካስማው የት ሊመታ ነው? ስንሞት ድንኳናችንን ሰማይ ላይ ሊያስሩልን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ታደሰ ግን አልሳቁም። «እውነታቸውን ነው። ለዚህ መልስ ካላመጡ ሰው አይስማማም» አሉኝ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ስመለስ በራችን ላይ ቆምኩ። ለባለቤቴ ለአልማዝ ለቅሶ የተመቱት ካስማዎች ቀዳዳዎች አሁንም አስፋልቱ ላይ አሉ። ስወጣ ስገባ እሻገራቸዋለሁ። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

ምሳ ሳልበላ ንድፉን እንደገና ሠራሁ። ኮንክሪቱ ሲፈስ በየበሩ ትይዩ አጫጭር የብረት ቱቦዎች ቀጥ ብለው ይቀበራሉ። ካስማው እዚያ ይገባል፤ በሌላ ጊዜ ክዳን ይደረግባቸዋል። ይህ የሚያስማማቸው ይመስለኛል።

የራሴ በር ላይ ስደርስ እርሳሴ ቆመ። ልጅ አልወለድንም። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ለቀስተኛ የሚቀበልልኝ ሰው የለም። ቢሆንም ቱቦዎቹን በአልማዝ ድንኳን ቀዳዳዎች ልክ አስገባኋቸው። ወይዘሮ ጫልቱ ከለቅሶዬ መቼም አይቀሩም።