ለልኬት ነገ ብቅ ይበሉ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ የአንድ ቀሚስ ዚፕ ቀየርኩ። ስልኬን ሳላየው ዋልኩ። ስከፍተው የሱቄ ገጽ ላይ ጥያቄው ተቆልሏል። «ዩኒፎርም ትሰፊያለሽ?» «እሁድ ክፍት ነው?» «እህት፣ አለሽ ወይስ ዘጋሽ?» አለሁ እንጂ። በየትኛው እጄ ልመልስ?

እራት ላይ ልጄ ያንኑ ነገር አነሳች። «እማ፣ አንቺ እሺ ሳትዪ አላገባውም። ግን እስከ መቼ?»

ሰውየው መጥፎ ነው አላልኩም። ዝም ይላል። ሲመጣ «ደህና ዋሉ እትዬ»፣ ሲሄድ «ደህና እደሩ እትዬ»፣ መሀሉ ባዶ። ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው። ለራሴ ዝምታው ብዬዋለሁ። ሲስቅ አላየሁት፣ ሲጨንቀው ምን እንደሚሆን አላየሁ። ያለችኝን አንድ ልጅ ለማላውቀው ሰው እንዴት እሺ ልበል...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዝምታው ሱቅ መጣ፣ የልጄን አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፎ። ስለ ጥያቄዎቹ ነግራዋለች ማለት ነው። «ከፈቀዱልኝ እትዬ፣ ገጹ ራሱ እንዲመልስ አደርገዋለሁ።»

እንዴት ተደርጎ? ብዬ ብጠይቀው ለካ ያወራል። ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት ለፕሮግራም ብቻ የከፈተው በር አለ፣ ኤፒአይ ይሉታል። በሩ ላይ የሚባለውን ሁሉ ከባዶ መጻፍ ያደክማል፣ ስለዚህ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡትን መጠቀም ነው። ስሙ ላይብረሪ።

«ታዲያ እንደ እኔ ወረቀት ነዋ» አልኩት። አንዴ ቆርጬ ያስቀመጥኩት የሸሚዝ ወረቀት አለኝ፣ ጨርቅ ላይ እያነጠፍኩ በዚያው መቁረጥ ነው።

«እንደሱ ነው እትዬ» ብሎ ፈገግ አለ። ጥርስ አለው ለካ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ፕሮግራሙን ማንበብ አስተማረኝ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን በየመስመሩ ጎን በአማርኛ ጻፈልኝ። ገጹን ያዝ። አስተያየቶቹን አምጣ። ጥያቄ የሆኑትን። ያልተመለሰላቸውን። ከዛሬ ወዲህ የገቡትን። ከዚያ መልስ። እያንዳንዷ መስመር በነጥብ ትጀምርና ከላይኛዋ ትንጠለጠላለች። ሰው የሚያወራ እኮ ነው የሚመስለው። ኮድ ሲሉ እኔ ሌላ ነገር ይመስለኝ ነበር።

«አንዷን ብናወጣትስ፣ ሁሉም ይተረተራል?»

«አይተረተርም። የቀሩት ይያያዛሉ፣ ይሰራል።»

መልሱን እኔ መረጥኩ። «ጥያቄዎ ደርሶናል። ለልኬት ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ይሰራል። ሶስት ሰው መጣ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው «ምን አስነክተሽ ነው ሰዉን የምትጠሪው? ለእኔም ጣል አድርጊልኝ» አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

መልሱ ደረቅ አለብኝ። ልክ እንዳሳየኝ ከፍቼ «ውድ ደንበኛችን» የሚል ጨመርኩ። እዚያው እያለሁ መስመሮቹን ሳይ... ያልተመለሰላቸው ካለ ከዛሬ ወዲህ ማለት ምን ይሰራል? አንድ ቦታ ሁለቴ እንደመስፋት ነው። ድርብ ስፌት ሳይ እጄን ይበላኛል። ከዛሬ ወዲህ የምትለዋን አወጣኋት። እሱም ይሰራል ብሏል። ዘግቼ ወደ ቤት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሰራ። አቤት አሰራሩ።

ሱቁን ልከፍት ስደርስ ሰልፍ። ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ ጠይቆ መልስ ያላገኘ ሁሉ ተጠርቷል። አንዷ ሁለት ወንዶች ልጆች አስከትላ፣ «የሙሽራ ቀሚስ ብዬሽ ነበር። መልስሽ አሁን ደረሰኝ፣ እኔም ደርሻለሁ» ትላለች። አንድ ሽማግሌ ለዘበኝነት ልብስ ነበር የጠየቁት፣ ጡረታ ወጥተዋል። «ቢሆንም ከጠራሽኝ አይቀር ካፖርቴን እይልኝ» አሉኝ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ደግሞ ከስራ ቀርታ መጥታ ትጮሃለች፣ «ቀልድ ነው የያዝሽው?»

ለልጄ ደወልኩ። ሁለቱም እየሮጡ መጡ። ዝምታው ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ መስመሯ እንደሌለች አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እጄ ላይ መቀስ።

ልጄ «ምንድነው ያደረግከው?» አለችው፣ በሰው ፊት።

«እኔ ነኝ። የቀን ገደቡን አጥፍቼዋለሁ» አላት።

መቀሱን ከጨርቅ ስር ደበቅኩ። ሴትዮዋ እሱ ላይ ዞረች፣ ያልጠራችው ስም የለም። «ልክ ነዎት እህቴ፣ ይቅርታ» ይላል። ከጫማ ሰፊው ወንበር ተዋሰ፣ ሽማግሌውን አስቀመጠ፣ ለሁሉም እንደየተራው ይቅርታ እየጠየቀ ዋለ። ድምፁ አንዴ እንኳን ከፍ አላለም። ከሙሽራዋ ልጆች አንዱ ጀርባው ላይ ወጥቶ ነበር። አላወረደውም።

ወፍራሟ ሴትዮ በመጨረሻ ሁለት ቀሚስ አዘዘች። እየተቆጣች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

እንቅልፍ አልነበረኝም። ቁርስ ላይ አወጣሁት። «መስመሯን ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እማ... ሁለቴ ጠየቅኩት እኮ። እኔ ነኝ ነው የሚለው።»

«ተቆጣሽው?»

«በደንብ አድርጌ። ዝም አለ።»

ያንን ዝምታ ነው እንግዲህ ስፈራው የከረምኩት። ከዚያ ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እኔም አላስቻለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

መስመሯን ሊመልሳት መጣ። ለምን ዋሸህ አልኩት። አንገቱን ደፋ። «ደንበኛ የሚርቀው እርስዎን ነው። እኔ ምን አጣለሁ ብዬ ነው።»

«ልጄን ነዋ» አልኩት።

ደነገጠ። እስከዚህ አላሰበም። እውነትም አላሰበም፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ሳቀ፣ ትከሻው እየተነቀነቀ። ሻይ አስመጣሁለት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ገጹ ላይ አዲስ ጥያቄ። «እትዬ፣ የሙሽራ ሱፍ ይሰፋሉ?» ፎቶውን አየሁ። እሱ ነው። አፍ ያጣው ሰው በጽሁፍ ደፈረ።

ምን ብዬ ልመልስ እያልኩ መነጽሬን ስፈልግ፣ ፕሮግራሙ ቀደመኝ። «ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ደርሶናል። ለልኬት ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ።»

ማጥፋት እችል ነበር። ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ከእኔ ቀድሞ በር ላይ ቆሟል። ሸሚዙን ተኩሶ።

ከትከሻው ጀመርኩ፣ ከገመትኩት ይሰፋል። «ቀና በል ልጄ፣ እንደሱ ጎብጠህ ሱፉ ያምርብሃል?» ቀና አለ። ትንፋሹን ይዟል፣ ወገቡን ስለካ «ተንፍስ» ማለት ነበረብኝ። ጫማ ሰፊው ከውጭ «ለቀቅ አድርጊለት፣ ከሰርጉ በኋላ ይወፍራል» ይላል።

ልጄ መቼ እንደመጣች አላየኋትም። በሩን ተደግፋ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ... ስትስቅ ነው ስታለቅስ?

«አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት። «ነይ ተለኪ።»