የሕፃኗ አባት ስለ ተደረገው የበግ ደላላ

ቀን፦ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
የዛሬ ጠዋት የበር ቆጠራ፦ አያቶችና አክስቶች አምስት፣ አምስቱም ተመለሱ፤ ወንዶች ሁለት፣ ሁለቱም ገቡ።

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የእህቴን የልጅ ልጅ ገብቼ እንዳቅፍ እንዲፈቀድልኝ ስለ መጠየቅ

አመልካች የዘመሮ ነዋሪ፣ የበግ ፀጉርና ከእሱ የሚሠራው ብርድ ልብስ፣ የባና ነጋዴ ነኝ።

1. የሟች እህቴ ልጅ ኮከቤ ቀኗ ሳይደርስ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወልዳለች። እሷ ከአልጋ መነሣት አልቻለችም፤ ሕፃኗ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት። አባትየው እርግዝናውን ከሰማ ወዲህ አድራሻው አይታወቅም።

2. ሐኪሙ ሕፃኗ በየቀኑ በሰው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ መታቀፍ እንዳለባት፣ እናት ካልቻለች ሌላ ዘመድም እንደሚበቃ ነገረን። ገላዬን ታጥቤ ብሄድ የበሩ ጥበቃ ከእናት ሌላ የሚገባው አባት ብቻ ነው አለኝ። አባት የላትም ስለው፣ ሲመጣ ይገባል ብሎ አጽናናኝ።

3. ወዳጆ የሚባል ጎረቤቴ፣ የበግ ደላላ፣ ለኮከቤ አጥሚት ይዞ በመጣ ዕለት ጥበቃው "አባትየው ነህ፣ ግባ" አለው። ሱሪ መልበሱ በቂ ማስረጃ ሆኗል። ነርሷ ሸሚዝህን አውልቅ ስትለው ሊመረምሩት መስሎት አወለቀ፤ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አደረጉለት። በላብ ተጠምቆ ሲወጣ፣ "እትዬ ጥሩሸዋ፣ የራሴንም ልጆች ክርስትና ሳይነሡ አቅፌ አላውቅ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በእኛ መንደር እስከዚያ ቀን ወንድ አራስ ቤት አይጠጋም። የመሥሪያ ቤትዎ ደንብ ግን ሥራውን የምናውቀውን ሴቶች ውጭ አቁሞ እሱን መርጧል። የአባት መግቢያ ካርድም ተሰጥቶታል። ለሚስቱ ገና አልነገራትም።

4. ወዳጆ ለሥራ በሄደባቸው ቀናት የሚያቅፋት ጠፍቶ ክብደቷ ቀንሷል። እናታቸው በወሊድ የሞተችባቸውን መንትዮች ሊያዩ የመጡ አንዲት አያትም ከእኔ ጋር በር ላይ አሉ፤ ጥበቃው እናትየዋ ትምጣ ብሏቸዋል። ከየት እንደሚያመጧት ቢጨምርላቸው ደግ ነበር።

5. ስለዚህ እናት የመረጠችው፣ እናት ከሌለችም ሕፃኑን የሚያሳድገው ዘመድ እንዲገባ እንዲታዘዝልን በትሕትና አመለክታለሁ። ወዳጆ እንዳይጠየቅብኝ፤ ማን ነህ ያለው ስላልነበረ የዋሸው ነገር የለም።

ነገ የጾመ ነቢያት ቅበላ ገበያ ነው፤ የበግ ደላላ የማይቀርበት ቀን። ውሳኔዎ እስኪደርሰኝ፣ በጎቹን እኔ ገበያ ወስጄ አሻሽጥለታለሁ፤ እሱ ሕፃኗን ያቅፋል።

ከበር ላይ ሰላምታ ጋር፣
ጥሩሸዋ ወልደ ጻድቅ (ፊርማ)