ዝምታን እሺታ ብሎ የመዘገበው ላይብረሪ

ሰኞ፣ ሰኔ 5 ቀን 2009፣ ከቀኑ 9፡30

"ጋሼ፣ ሰርቨሩ የደረጀን ማረጋገጫ አልተቀበለውም። ጨርሶ መልስ አልሰጠም። የእርስዎ ላይብረሪ ዝምታን እንደ እሺታ ይቆጥራል። ማርታ።"

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩልህ፣ ደብተሬ። አንድ ፊደል አልጨመርኩም። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት፣ በቢሮዬ በር ሥር ገብቶ አገኘሁት።

ማርታ ተማሪዬ ነበረች። አሁን በት/ክፍላችን በኮንትራት ታስተምራለች። ላይብረሪ ያለችው የመጻሕፍት ቤት አይደለም፤ እኔ ሁለት ክረምት የደከምኩበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሥራው የፖስተኛ ነው፦ ተማሪ አንድ የሒሳብ ሐሳብ እውነት መሆኑን እርምጃ በእርምጃ ለማሳየት የጻፈውን ማረጋገጫ ኮተቤ ግቢ ወዳለው ሰርቨር ያደርሳል፤ ሰርቨሩ መስመር በመስመር መርምሮ ስህተት ካለ ይመልሳል፤ ላይብረሪው መልሱን አንብቦ "ተረጋግጧል" ወይም "ስህተት አለ" ይላል። በቃ። ፖስተኛህ ይዋሻል ትለኛለች።

ነገሩ የግንቦቱ ነው። የደረጀ የማስተርስ ጽሑፍ ሲቀርብ ማርታ በእጇ ፈትሻ መጣች። ሦስተኛው እርምጃ ክፍተት አለው አለች። ላፕቶፔን ሁሉም ፊት ከፈትኩ። "ተረጋግጧል።" እመቤቴ፣ ከማሽኑ ጋር ተከራከሪ አልኳት። ተሰብሳቢዎቹ ሳቁ። የስብሰባው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ "ተቃውሞው ከብቃት ማነስ የመጣ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ቃለ ጉባኤው ከፋይሏ ጋር ተያይዟል። ኮንትራቷ ይታደስ አይታደስ የሚታየው ሰኞ ሰኔ 26።

መልስ አልሰጣትም። ነገ በማስረጃ አፏን አስይዛታለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 6፣ ከጠዋቱ 4፡00

የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። ልረታት።

የደረጀ ጽሑፍ በቀረበ ቀን እንጦጦ ላይ ደመናው ጠቁሮ ነበር፤ አስታውሳለሁ። ኮተቤ መብራት የጠፋው 9፡02 ላይ። እኔ የላክሁት 9፡04። የኔ ላፕቶፕ በባትሪ። ሰርቨሩ ሬሳ።

ላይብረሪው ሦስት ጊዜ ሞከረ። ጠበቀ። ከዚያ የመጡትን ስህተቶች ቆጠረ፦ ዜሮ። ዜሮ ስህተት፣ እንግዲህ ተረጋግጧል።

እዚያ መስመር ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ማስታወሻ አለ፦ "ተቃውሞ ካልመጣ ጸድቋል።"

ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ። ስንት ዓመት ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ። ሰብሳቢው ዙሪያውን ያያል። ተቃውሞ አለ? የለም። ጸድቋል። እኔም እጽፋለሁ። ኔትወርክ በየሰዓቱ ሲቋረጥ፣ ተማሪ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ለማሽኑም የማውቀውን ደንብ አስተማርኩት።

ደብተሩን ዘጋሁ። መልሼ ከፈትኩህ። ምን ልበልህ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 8

መስመሩን አረምኩ። አሁን ሰርቨሩ ዝም ካለ "መልስ አልደረሰም" ይላል። መብራት እያለ የደረጀን ማረጋገጫ እንደገና ላክሁ። ሰርቨሩ ዓይኔን ሳላርገበግብ መለሰ። ስህተት። ሦስተኛው እርምጃ። ጣቷን ያሳረፈችበት ቦታ።

ለባለቤቴ ለአስቴር ነገርኳት። ለልጅቷ ነገርካት ወይ ብቻ ነው ያለችው።

ከሰዓት ሲግናል ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ማርታን ከሩቅ አየኋት። ወዴት እንደሚሄድ ሳልጠይቅ የቆመው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ተቃራኒ አቅጣጫ ወሰደኝ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ከተማሪዬ ተደበቅሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 9፣ ከቀኑ 7፡00

ሄድኩ። ቢሮዋን ለሦስት ይጋሩታል፤ ብቻዋን ነበረች። ልክ ነሽ አልኩ፣ ቆሜ።

"ይቀመጡ እንጂ ጋሼ" አለችኝ። "እንዳሉኝ ከማሽኑ ጋር ተከራከርኩ፤ የሰርቨሩን መዝገብ አይቼ ማረጋገጫውን ራሴ ላክሁለት። ለካ እሱም ከኔ ጋር ነው።"

ፈገግ አለች። እኔ አልቻልኩም። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠችኝ። "እኔን ተዉኝ። የጻፉት ቃለ ጉባኤው ላይ ነው፤ እዚያው ያቃኑት።"

ደረጀን አስጠራሁት። የሆነውን ነገርኩት። ያ እርምጃ እሱንም ሲከነክነው ነበር፤ ማሽኑ ካለፈው ብሎ ተወው። ለመጠገን አንድ ወር ይበቃኛል አለ። ልጁ ከኔ ይሻላል፤ ቢያንስ ከንክኖታል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 13፣ ከቀኑ 11፡00

ነገሩን ስብሰባው ላይ እንደማነሣ ጠዋት ለት/ክፍል ኃላፊው ብነግረው ለመነኝ። ወንድሜ፣ የጸደቀ ነገር አትነካካ፣ ሰው ረስቶታል፣ ዓመቱን በሰላም እንዝጋ። ማርታስ? ስለው፣ እሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ቦታ አታጣም አለኝ።

ስብሰባው ላይ "ልዩ ልዩ" ሲደርስ ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ስህተቱ የኔ ነው፣ ቃሉም የኔ ነው፣ ይሰረዝ አልኩ። ማንም ቀና አላለም። አንዱ እስክሪብቶውን ይፈታል ይገጥማል። ኃላፊው ዙሪያውን አየ። "ባለበት ይቆይ የሚለውን የሚቃወም ከሌለ እንለፈው።"

ዝም።

አታምነኝም፤ እጄ በልማድ "ጸድ" ብሎ ጀምሮ ነበር። አቆምኩት። ሁለቱ ፊደላት አሁንም ገጹ ላይ አሉ።

እኔም በዚያ ወንበር ላይ ስንቴ እንደዚያ አንገቴን ደፍቻለሁ?

ረቡዕ፣ ሰኔ 14፣ ከጠዋቱ 3፡00

መዝገብ ቤት አስገብቼ፣ ተፈርሞልኝ መጣሁ። ቅጂው ይኸው፦

"ለት/ክፍሉ ኃላፊ። በግንቦቱ ቃለ ጉባኤ ስለ መ/ርት ማርታ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ብቃት ያነሰው የኔ ላይብረሪ ነበር፤ የሰርቨሩን መዝገብ አያይዣለሁ። ቃሉ ከፋይሏ እንዲወጣ፣ ተቃውሞዋ ትክክል እንደነበር እንዲጻፍላት፣ ለደረጀም የማረሚያ አንድ ወር እንዲሰጠው እጠይቃለሁ። መልሱን በጽሑፍ፣ እስከ ዓርብ ሰኔ 23 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት እጠብቃለሁ። ዝም ብትሉ እሺታ ብዬ አልመዘግበውም። 'መልስ አልደረሰም' ብዬ ጽፌ፣ ሰኞ ጠዋት ኮንትራቷን የሚያዩት ሰዎች ፊት ራሴ አነበዋለሁ።"